ከሕንፃው ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ፦ በአዳዲስ ግንባታዎች ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚበዛባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 እንዲያገለግል የተዘጋጀው የከተማዋ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ፣ ከከተማዋ ዕለታዊ ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር የሚደረግ መሆኑን ያሳያል፤ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት ሰዎች መካከልም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ስላገኙ፣ ጥሩ የእግረኛ መንገድ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከእንግዲህ የውጭ አገር ፎቶግራፍ መፈለግ አያሻም። ይሁንና ከእነዚህ ጎዳናዎች ወጣ ብለው አዲስ በሚገነቡ የመኖሪያ መንደሮችና የንግድ ሕንፃዎች ፊት የሚሠራው መንገድ አሁንም ሕንፃው ካለቀ በኋላ በተረፈው ቦታ፣ በተረፈው ገንዘብና በተረፈው ታይልስ የሚሞላ ሆኖ ይታያል። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ በግንባታው ቦታ ላይ ከመታየታቸው በፊት በወረቀት ላይ የተፈጸሙ ናቸው፤ ስለዚህም የሚታረሙበት ርካሹ ጊዜ ዲዛይኑ ገና በኮምፒውተር ላይ ሳለ ነው።

ሳይት ፕላኑን በካርታው ወሰን ላይ ማቆም

አንድ አርክቴክት ለግንባታ ፈቃድ የሚያቀርበው ሳይት ፕላን፣ ማለትም ሕንፃው በቦታው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የሚያሳየው ንድፍ፣ ብዙውን ጊዜ በይዞታ ካርታው ላይ በተመለከተው ወሰን ላይ ያበቃል። ከወሰኑ ወዲያ ያለው ነጭ ወረቀት ነው፤ ቢበዛ “20 ሜትር መንገድ” የሚል ጽሑፍ ይሰፍርበታል። የአስፋልቱ ጠርዝ የት እንደሆነ፣ የከርቡ (የእግረኛ መንገዱን ከአስፋልቱ የሚለየው ጠርዝ) ከፍታ ስንት እንደሆነ፣ የፍሳሽ መውረጃው በየትኛው በኩል እንደሚያልፍ፣ የመብራት ምሰሶና የቴሌ ማንሆል የት እንደቆሙ አይታይም። ከዚህ የተነሣ ባለቤቱም፣ አማካሪ መሐንዲሱም፣ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያም ስለ እግረኛ መንገዱ ሳይነጋገሩ ሥራው ይጀመራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀያሹ የቦታውን ቅየሳ ሲሠራ ከወሰኑ አልፎ እስከ አስፋልቱ ማዶ ድረስ ከፍታዎችን እንዲያነብ፣ በግራና በቀኝ ካሉት ጎረቤቶች ፊት ያለውንም ቢያንስ 10 ሜትር ያህል እንዲጨምር ማዘዝ ይበቃል። መንገዱ ገና አስፋልት ያልለበሰ ከሆነ ደግሞ የወደፊት ከፍታውን ከከተማው የመንገዶች ባለሥልጣን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ኮረት የፈሰሰበት መንገድ በኋላ ሲሠራ ግማሽ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላልና። በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ የተያዘ መንገድ ቦታውን የሚነካ ከሆነም ይህ የሚታወቀው በፕላን ስምምነት ደረጃ ላይ ነው፤ አጥር ከታጠረ በኋላ የሚሰማ ከሆነ ግን ማፍረስ ይከተላል። መመሪያዎች ቶሎ ቶሎ ስለሚሻሻሉ፣ ባለፈው ዓመት ለጎረቤት ሕንፃ የተሰጠውን መስፈርት እንደ ወቅታዊ አድርጎ መያዝም አያዋጣም።

የመሬት ወለሉን ከፍታ ከመንገዱ ሳያገናዝቡ መወሰን

ከስህተቶቹ ሁሉ ከባዱና የሚያስከፍለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንዴ አርማታ ከተሞላ የሚመለስበት መንገድ የለምና። ባለቤቶች ጎርፍ እንዳይገባባቸው በመስጋት፣ አንዳንዴም ሕንፃው ከፍ ብሎ እንዲታይ ከመፈለግ፣ “ዜሮ ዜሮ” የሚባለውን የመሬት ወለል ከፍታ ከመንገዱ 60 ወይም 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርጉታል። ሕንፃው ደግሞ በወሰኑ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ደረጃው የሚያርፈው የት ነው? የእግረኛ መንገዱ ላይ ነው። አንዱ ባለ ሱቅ አምስት ደረጃ ያወጣል፣ ቀጥሎ ያለው አራት፣ ሦስተኛው ደረጃውን በእምነ በረድ አልብሶ በብረት ዘንግ ያጥረዋል፤ እግረኛውም ወደ አስፋልቱ ይወርዳል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ማንኛውም ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱና መራመድ ቢችሉም ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ግዴታው ይህን ያህል ዕድሜ ካስቆጠረ በኋላም ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ የሚወጣበት ተዳፋት፣ በዲዛይኑ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ነገር ሆኖ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው። ሒሳቡን እንመልከት። ተሽከርካሪ ወንበር ያለ ችግር የሚወጣው ራምፕ ለእያንዳንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ወለሉ ከእግረኛ መንገዱ በ15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ 1.80 ሜትር ራምፕ ይበቃል፤ በ45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ 5.40 ሜትር ያስፈልጋል፤ 75 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ 9 ሜትር ይደርሳል። በበሩ ፊት ወንበሩ የሚዞርበት 1.50 ሜትር ያህል ደልዳላ ቦታ በዚህ ላይ ይጨመራል። በወሰኑ ጠርዝ ላይ የቆመ ሕንፃ ይህን ቦታ ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ በወሰኑ ላይ 1.20 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ወንበር ቀርቶ ጤነኛ ሰው እንኳ ተጠንቅቆ የሚወጣው ቁልቁለት ተሠርቶ “ራምፕ አለው” ተብሎ ይመዘገባል።

የጎርፍ ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ግን በደረጃ አይፈታም። ወለሉን ከእግረኛ መንገዱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ አድርጎ፣ በበሮቹ ፊት ለፊት ባለ ፍርግርግ ክዳን ቦይ ማስገባትና ውሃውን ወደ መንገዱ መውረጃ ማገናኘት ይሻላል።

የአዲስ አበባ መሬት ተዳፋት መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። የሕንፃው ፊት 30 ሜትር ርዝመት ያለውና መንገዱ በ6 በመቶ የሚወርድ ከሆነ፣ በላይኛውና በታችኛው ጫፍ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1.80 ሜትር ነው። ወለሉ በላይኛው ጫፍ ከመንገዱ ጋር ከተስተካከለ፣ በታችኛው ጫፍ ያለው ሱቅ በአሥራ ሁለት ደረጃዎች ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። የመሬት ወለሉን በሦስት እርከን ከፍሎ እያንዳንዱን 10 ሜትር ለብቻው ከመንገዱ ጋር ማገናዘብና በሮቹን ወለሉና መንገዱ በሚገናኙበት ነጥብ አካባቢ ማድረግ ዋናውን ችግር ያቃልላል። የሕንፃው መዋቅር በዚህ ምክንያት ጥቂት ሊወሳሰብ እንደሚችል አይካድም፤ ባለቤቱ ግን በሱቅ ኪራይ ይክሰዋል፤ አሥራ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ዳቦ የሚገዛ ደንበኛ ብዙ አይደለምና።

በኮሪደር መስመር ላይ ለሚሠሩ ሕንፃዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በከተማው የተሠራው የእግረኛ መንገድና የሕንፃው ወሰን በሚገናኙበት መስመር ላይ አምስትና አሥር ሳንቲ ሜትር የምታህል ድንገተኛ እርከን ትቀራለች። ከሩቅ አትታይም፤ ምሽት ላይ ግን ጣት የምትሰብረው እርሷ ናት። የከተማውን የተጠናቀቀ ከፍታ በውሃ ልክ አንብቦ የራስን ንጣፍ ከእሱ ጋር ማግጠም የባለቤቱ ሥራ ነው።

የመኪና መግቢያው የእግረኛ መንገዱን እንዲቆርጠው መፍቀድ

ግቢ ያለው ሕንፃ ሁሉ የመኪና መግቢያ ይፈልጋል። የተለመደው አሠራር በበሩ ትይዩ የእግረኛ መንገዱን ወደ አስፋልቱ ከፍታ ዝቅ ማድረግ ነው፤ በየ20 ሜትሩ አንድ በር ባለበት ሰፈር እግረኛው ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናትማ ከነጭራሹ አስፋልቱን ትመርጣለች። ሹፌሩም መንገዱ ሳይቋረጥ ወደ ግቢው የገባ ስለሚመስለው ፍጥነቱን አይቀንስም። ትክክለኛው በተቃራኒው ነው፦ የእግረኛ መንገዱ ከፍታውንም ንጣፉንም ሳይለውጥ በመግቢያው ላይ ያልፋል፤ የከርቡን 15 ሳንቲ ሜትር የምትወጣው መኪናዋ ናት፣ እሷም ዛፍና ምሰሶ በሚቆሙበት ከከርቡ ጎን ባለው አንድ ሜትር ያህል ስፋት ውስጥ ትወጣታለች።

ምድር ቤት ፓርኪንግ ባላቸው ሕንፃዎች ላይ ደግሞ ቁልቁለቱ ከወሰኑ ላይ የሚጀምር ከሆነ አደጋው ይከፋል። ከታች የሚወጣ መኪና አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ስለሚል ሹፌሩ የሚያየው የፊት መስታወቱን የሞላውን ኮፈን ነው፤ ከፊቱ የሚያልፈውን ሕፃን አያየውም። ከቁልቁለቱ አናትና ከእግረኛ መንገዱ መካከል ቢያንስ የአንድ መኪና ርዝመት፣ 5 ሜትር ያህል፣ ደልዳላ ቦታ መተው ያስፈልጋል። በመውጫው ግራና ቀኝ ያለው ግንብም እይታን እንዳይጋርድ ዝቅ ማለት አለበት። የጥበቃው ፊሽካ የዲዛይን ጉድለት መሙያ ሊሆን አይገባውም።

የወረቀቱን ስፋት ከሚራመዱበት ስፋት ጋር ማምታታት

“የእግረኛ መንገዱ 3 ሜትር ነው” ይባላል። መሐሉ ላይ የመብራት ምሰሶ ቆሟል፤ ከምሰሶው አጠገብ የጥበቃ ቤት ተተክላለች፤ ከግድግዳው በኩል ጄኔሬተር ወጥቷል፤ የካፌው በረንዳ በአበባ ማስቀመጫ ታጥሮ ሌላ ሜትር ወስዷል። የቀረው አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍበት ነው። መለካት ያለበት ምንም ነገር የማይቆምበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነጻ መተላለፊያ ነው። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ለመተላለፍ 1.80 ሜትር ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ በመኖሪያ ሰፈር 2 ሜትር፣ በንግድ ሕንፃ ፊት ደግሞ 2.50 ሜትር ነጻ መተላለፊያ ማሰብ ተገቢ ነው። ምሰሶ፣ ዛፍ፣ ቆሻሻ ማጠራቀሚያና ምልክት በከርቡ በኩል ባለ አንድ መስመር ይሰበሰባሉ። የሱቅ መስኮት የሚያይ፣ ዝናብ የሚጠለል፣ ቡና የሚጠጣ ሰው ከግድግዳው በኩል የራሱ ቦታ ይኖረዋል፤ ያ ቦታ ግን ከባለቤቱ ይዞታ የሚወሰድ እንጂ ከመተላለፊያው የሚቀነስ አይደለም።

አልሚዎች ሲያሰሉ ፈጽሞ የማያስታውሱት አንድ ነገር የታክሲ ሰልፍ ነው። ማታ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ የቆመ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሰልፉ በእግረኛ መንገዱ ላይ እባብ ሆኖ ይጠመዘዛል። አዲስ የገበያ ማዕከል በታክሲ መያዣ አጠገብ ሲሠራ ሰልፉ የሚቆምበትን ቦታ በፊት ለፊቱ ካላዘጋጀ፣ ሰልፈኛው በሩ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ጥበቃና ሰልፈኛ በየምሽቱ ይጨቃጨቃሉ። ሊስትሮውና የቆሎ ሻጯም እንደዚሁ ናቸው፤ ደንብ አስከባሪ ቢያነሣቸውም ሰው ባለበት ተመልሰው መምጣታቸው አይቀርም። በዛፍ ጥላ ሥር አንዲት ወጣ ያለች መቀመጫ ያለው ጥግ ማበጀት ከማባረር ይልቅ መንገዱን ክፍት ያደርገዋል።

ለፎቶግራፍ የሚያምር፣ ለክረምት የማይሆን ንጣፍ

የተወለወለ ግራናይትና ሴራሚክ ለሎቢ የተሠራ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጭቃ የነካው ጫማ በእርጥብ ሴራሚክ ላይ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የለም። ሊሾ የተባለው ለስላሳ ሲሚንቶም ከዚህ አይሻልም፤ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጠርጎ ሸካራ ሆኖ የተተወ አርማታ ግን ርካሽም አስተማማኝም ነው። ኮብልስቶን ለብዙ ወጣቶች የሥራ ዕድል የከፈተ፣ ለተሽከርካሪ መንገድም የሚያገለግል ጥሩ ንጣፍ ነው፤ ሆኖም ወጣ ገባነቱ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለምርኩዝ ስለሚያስቸግር በእግረኛ መተላለፊያው ላይ ጠፍጣፋ ንጣፍ መምረጥ ይሻላል።

ዓይነ ስውራን በእግራቸውና በበትራቸው የሚያነቡት ቢጫ ንጣፍ በተለይ መነሣት አለበት፤ በየቦታው እየተነጠፈ ነውና፣ በስህተት መነጠፉም እየበዛ ነው። ሁለት ዓይነት ነው፦ ረዣዥም መስመር ያለው “በዚህ አቅጣጫ ቀጥል” ይላል፤ ክብ ክብ ጉብታ ያለው ደግሞ “ቁም፣ ከፊትህ የሚለወጥ ነገር አለ” ይላል። ኮንትራክተሩ ይህን ካላወቀ በእጁ ያለውን ይነጥፋል፦ በመንገድ ማቋረጫው ላይ መስመራማው ይገባና ዓይነ ስውሩን ቀጥታ ወደ መኪናው ይመራዋል፤ ወይም ቢጫው መስመር ከምሰሶ ጋር ይጋጫል፤ ወይም ማንሆል ሲያጋጥመው ይቋረጥና ከማዶው ይቀጥላል። እንዲህ ከሚነጠፍ ባይነጠፍ ይሻል ነበር፤ የማይታመን ምልክት ከሌለ ምልክት የበለጠ ይጎዳል። ከመነጠፉ በፊት ሠራተኞቹን ሰብስቦ የሁለቱን ልዩነት በማሳየት የሚባክነው ሩብ ሰዓት ነው።

ከንጣፉ ሥር ያለውም አይዘነጋ። ቦሌና አቃቂ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ይህ አፈር ተቆርጦ ወጥቶ በተመረጠ አፈርና በጠጠር ተተክቶ በየንብብሩ ካልተጠቀጠቀ፣ ከላይ ያለው ንጣፍ ምንም ያህል ውድ ቢሆን በሁለተኛው ክረምት መወላገዱ አይቀርም።

ውሃና ቱቦን ለኋላ መተው

የጣሪያ ውሃ መውረጃ አሸንዳ በእግረኛ መንገዱ ላይ እንዲፈስ ማድረግ በሰፊው የሚታይ ጥፋት ነው። አሸንዳው ከንጣፉ ሥር በቱቦ ተሻግሮ ወደ መንገዱ ፍሳሽ መውረጃ መግባት አለበት። ንጣፉ ራሱ ወደ መንገዱ በ2 በመቶ ያህል ያዘንብላል፤ ይህም በ2.50 ሜትር ስፋት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ውሃ ይቋጥራል፤ ከዚያ ከበዛ ተሽከርካሪ ወንበር ወደ አስፋልቱ እየተንሸራተተ ተጠቃሚው በአንድ እጁ ብቻ ሲገፋ ይደክማል። የማንሆል ክዳን ከንጣፉ ጋር እኩል ይሁን፤ ብረቱ የሚሰረቅ ከሆነ በአርማታ ክዳን መተካት ይቻላል፣ ክፍት ግን ለአንድ ሌሊትም አይደር።

ንጣፉ አልቆ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ የመብራት፣ የውሃና የቴሌ ሠራተኞች በተራ በተራ እየመጡ ሲቆፍሩ ማየት የተለመደ ነው። ቆፋሪው መሥሪያ ቤት ጉድጓዱን ይሞላል እንጂ ንጣፉን እንደነበረ አይመልሰውም፤ የቀለሙም ዓይነት ከገበያ ጠፍቶ ይሆናል። ንጣፉ ከመጀመሩ በፊት የአገልግሎት መሥመር ማመልከቻዎችን ማስገባት፣ ምላሹ ቢዘገይ እንኳ ሁለት ሦስት ባዶ ቱቦዎችን ከንጣፉ ሥር አቋርጦ ቀብሮ ጫፋቸውን ምልክት ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ኋላ ላይ ገመዱ ያለ ቁፋሮ ይገባል።

በግንባታው ወቅት እግረኛውን አስፋልት ላይ ማውጣት

ቆርቆሮ አጥር እስከ ከርቡ ድረስ ይታጠራል፤ ከአጥሩ ውጪ አሸዋና ጠጠር ይከመራል፤ ፌሮ በአስፋልቱ ጠርዝ ይቆረጣል። የሕንፃ አዋጁ ግንባታ በሰውና በንብረት ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ጥንቃቄ እንዲደረግ ያስገድዳል፤ የእግረኛ መንገዱን በጊዜያዊነት መያዝም ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው። ሦስትና አራት ዓመት የሚፈጅ ግንባታ ግን “ጊዜያዊ” ሊባል አይችልም። አጥሩን ወደ ውስጥ ሰብስቦ 1.50 ሜትር ያህል መተላለፊያ መተው፣ ከላይ ቁሳቁስ ሊወድቅ በሚችልበት ቦታም በጠንካራ ሳንቃ ጣሪያ የተሸፈነ መተላለፊያ ማበጀት፣ ማታም መብራት መስቀል ይገባል። ቦታው ይህን የማይፈቅድ ከሆነ፣ ከአስፋልቱ ላይ አንድ መስመር በመከለያ ለይቶ ለእግረኛ መስጠት ከመንገዶች ባለሥልጣንና ከትራፊክ ጋር በመነጋገር የሚፈጸም ነው።

የሪልስቴት ግቢ የውስጥ መንገድን ከደንቡ ውጪ አድርጎ ማየት

በር ያለው መንደር ውስጥ ያለው መንገድ የግል ነው፣ ስለዚህ መኪናና ሰው ተቀላቅለው ይሂዱ የሚል አስተሳሰብ አለ። ስምንት ቤት ላለው ጠባብ መንገድ፣ ፍጥነቱ በእውነት ከተገደበ፣ ይህ ሊያስኬድ ይችላል። መቶዎች ለሚኖሩበት ግቢ ግን አይሆንም፤ ልጆች የትምህርት ቤት ሰርቪስ የሚጠብቁት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን በግቢው ውስጥ ያማረ የእግረኛ መንገድ ተሠርቶ በዋናው በር ላይ ድንገት ማብቃቱ ነው፦ ለመኪናዋ ሰፊ በር፣ ለሰውየው የጥበቃው ክፍል ያለባት፣ ደፍ ያላት ጠባብ በር። ደፏን አንሥቶ በሯን ቢያንስ 1 ሜትር ማስፋት ከአንድ ቀን ሥራ አይበልጥም።

የእግረኛ መንገዱን ሥራ ከርክክብ በኋላ ወዳለው ጊዜ ማስተላለፍ

በአዋጅ ቁጥር 624/2001 መሠረት፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን በሚያጠቃልለው ምድብ ሐ ውስጥ የሚገኝ ሕንፃ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፊት ለፊት ሥራው በኮንትራቱ የሥራ ዝርዝር ውስጥ የራሱ መጠንና ዋጋ ከሌለው፣ ኮንትራክተሩ “አልተዋዋልኩበትም” ይላል፣ ባለቤቱም ገንዘቡን በሊፍትና በፊት መስታወት ጨርሶታል። ስለዚህ ንጣፉ፣ ከርቡ፣ ቦዩ፣ ቢጫው ምልክትና ዛፉ እያንዳንዳቸው በካሬ ወይም በሜትር ተለክተው ከመጀመሪያው ይካተቱ። በርክክቡ ቀን ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሜትርና ውሃ ልክ ይዞ ከጎረቤት ወሰን እስከ ጎረቤት ወሰን ይራመድ፤ ከተቻለም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው አብሮት ይሂድ። ከንጣፉ ሥር የተቀበሩት ቱቦዎች ያሉበት ንድፍም ለሕንፃው አስተዳደር በፊርማ ይሰጥ፤ ከዓመት በኋላ ለቁፋሮ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።